ክብደቱን ትከሻ ያንሳው



የዚህ የወጣቶች ማዕከል አስተባባሪዎች ሲጋብዙኝ ስለ ስፖርት ጥቅም እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። ስለ ስፖርት ጥቅም ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ርዕሱን አጠበብኩት። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ ሁለት ዳምቤል ከትከሻ አንስቶ ከራስ በላይ ስለ መግፋት፣ በየጂሙ ሾልደር ፕሬስ ስለምንለው።

ለምን ይህን መረጥኩ? ከራስ በላይ ማንሳት የኑሯችን ክፍል ስለሆነ ነው። ሻንጣውን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ የሚያቀብል መንገደኛ፣ ብርድ ልብስ ከቁም ሣጥን አናት ላይ የምታወርድ እናት፣ ቀኑን ሙሉ ኮርኒስ የሚቀባ ቀለም ቀቢ፣ ሁሉም ይህንኑ ያደርጋሉ። ሁለተኛው ምክንያቴ ደግሞ በየጂሙ ስዞር በብዛት ሲሠራም በብዛት ሲበላሽም የማየው ይኸው እንቅስቃሴ መሆኑ ነው።

ዋናው ሐሳቤ አንድ ነው፤ ደጋግማችሁ ትሰሙታላችሁ። ክብደቱን ማንሳት ያለበት ትከሻ ነው፤ ወገብ አይደለም። መጀመሪያ አንድ ታሪክ እነግራችኋለሁ፤ ቀጥሎ ትከሻ እንዴት እንደተሠራ እናያለን፤ ከዚያ ወደ አሠራሩ እንገባለን፤ በመጨረሻም ስለ ክብደት አመራረጥና ስለ ሕመም ጥቂት እላለሁ።

ታሪኩ የሙኒክ ነው። እ.ኤ.አ. የ1972ቱን የሙኒክ ኦሊምፒክ እኛ የምናስታውሰው በሯጮቻችን ነው፤ ማሞ ወልዴ በማራቶን፣ ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 ሜትር ነሐስ ያመጡበት ነው። በዚያው ኦሊምፒክ፣ በክብደት ማንሳት መድረክ ላይ፣ አንድ የውድድር ዓይነት ለመጨረሻ ጊዜ ታየ። ከ1928ቱ የአምስተርዳም ኦሊምፒክ ጀምሮ ክብደት አንሺዎች በሦስት ዓይነት አነሳስ ይወዳደሩ ነበር። አንደኛው ፕሬስ ይባላል። ብረቱ ከመሬት ተነስቶ ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ተወዳዳሪው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ እግሩ ሳያግዘው በክንዱና በትከሻው ኃይል ብቻ ከራሱ በላይ ይገፋዋል።

ደንቡ ሰውነት ቀጥ ይበል የሚል ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን ተወዳዳሪዎች ወገባቸውን ወደ ኋላ መለጠጥ ጀመሩ። ለምን? ወደ ኋላ የተንጋለለ ሰው ብረቱን በትከሻው ብቻ አይገፋም፤ ትልቁ የደረት ጡንቻ ገብቶ ያግዘዋል። በተለጠጡ ቁጥር የሚነሳው ኪሎ ጨመረ፤ ኪሎው በጨመረ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ተለጠጡ። ይህኛው ያልፋል፣ ያኛው አያልፍም በሚለው ላይ ዳኞች መስማማት አቃታቸው። በወገብ ላይ ስለሚያሳድረው ጫናም ስጋት ተነሳ። ከሙኒክ በኋላ ፕሬስ ከውድድሩ ወጣ። በ1976 በሞንትሪያል የቀሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ስናች እና ክሊን ኤንድ ጀርክ። ዛሬም በኦሊምፒክ የምናየው እነዚያኑ ሁለቱን ነው።

ልብ በሉ፤ እነዚያ ሰዎች የዓለም ምርጦች ነበሩ። ዳኞችም ከፊታቸው ተቀምጠው ነበር። እንዲያም ሆኖ ወገብ የትከሻን ሥራ ቀማ። በእኛ ጂም ውስጥ ዳኛ የለም። ያለን መስታወት ነው፤ መስታወቱም ፊት ለፊት ስለሚሰቀል ወገባችን ሲለጠጥ አያሳየንም። መለጠጥ የሚታየው ከጎን ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሾልደር ፕሬስ ስትሠሩ ጓደኛችሁ በስልኩ ከጎን ይቅረጻችሁ። ፎቶ አይደለም፤ ቪዲዮ ይሁን፤ በተለይም የመጨረሻዎቹ ሦስት ድግግሞሾች ይቀረጹ። በመጀመሪያዎቹማ ሁላችንም ቆንጆ ነን።

አሁን ወደ ትከሻ ልግባ። እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ አሠራሩን በቃል ከማጥናት ይልቅ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ራሱን ያርማል።

ትከሻ ከመገጣጠሚያዎቻችን ሁሉ ይበልጥ ወደ ብዙ አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ ነው። ይህ ነፃነት ዋጋ አለው። የክንድ አጥንት ራሱ ክብ ነው፤ የሚያርፍበት ቦታ ግን እምብዛም ጥልቀት የለውም፤ ብርቱካን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ እንደ ማሳረፍ ነው። እንዳይንሸራተት ዙሪያውን አጥብቀው የሚይዙት አራት ትናንሽ ጡንቻዎች ናቸው፤ ባለሙያዎች በአንድነት ሮቴተር ከፍ ይሏቸዋል። በመስታወት የምናየው፣ ሦስት ክፍል ያለው ትልቁ የትከሻ ጡንቻ፣ ዴልቶይድ የሚባለው፣ ክንዱን ወደ ላይ ይስባል፤ አራቱ ትናንሾች ደግሞ ክቡን አጥንት ከቦታው እንዳይወጣ ይጠብቁታል። ከክቡ አጥንት በላይ የአጥንት ጣሪያ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፤ ከአራቱ የአንደኛው ጡንቻ ጅማት የሚያልፈው በዚያ ነው።

እስቲ አብረን እንሞክረው። ሁላችሁም በተቀመጣችሁበት፣ ስልክ ላይ እንዳቀረቀረ ሰው ጀርባችሁን አጉብጡ። እንደጎበጣችሁ ቀኝ እጃችሁን ወደ ላይ አንሱ። የት ላይ ቆመ? ያዙልኝ። አሁን እጃችሁን አውርዱና ደረታችሁን ቀና አድርጋችሁ ተቀመጡ። እንደገና አንሱ። ልዩነቱ ታያችሁ? ክንዱ ያው ክንድ ነው፤ የተለወጠው የላይኛው ጀርባችሁ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎብጦ የዋለ ሰው ማታ ጂም ገብቶ ዳምቤል ከራሱ በላይ ሊገፋ ሲል ክንዱ አልወጣ ይለዋል፤ የጎደለውን ከየት ያመጣዋል? ከወገቡ።

አንድ ሌላ ልጨምር። ቀኝ እጃችሁን ዘርጉና አውራ ጣታችሁን ወደ መሬት አዙሩ። እንደዚያው አድርጋችሁ በጎን በኩል ወደ ላይ አንሱት፤ በቀስታ፣ ሳታስገድዱ። ትከሻችሁ ላይ የሚያግድ ነገር ተሰማችሁ? አሁን አውራ ጣታችሁን ወደ ጣሪያ አዙራችሁ ድገሙት። ቀለለ አይደል! ክንዱ ወደ ውጭ ሲዞር በክቡ አጥንት ላይ ያለው ጉብታ ከጣሪያው ሥር ይሸሻል፤ መንገዱም ይከፈታል።

ስለ ትከሻ የመጨረሻው ነጥቤ አሠልጣኞችን ይመለከታል። ክንድ ከጎን ተነስቶ እስከ ራስ በላይ ከሚጓዘው 180 ዲግሪ ውስጥ 120 ያህሉን የሚሰጠው ያ ክብ መገጣጠሚያ ነው። ቀሪውን 60 ያህል የሚሰጠው በጀርባችን ላይ ያለው ሰፊው የትከሻ አጥንት ወደ ላይ ሲዞር ነው። ስለዚህ ሠልጣኛችሁን «ትከሻህን ወደ ታች ጎትተህ፣ ቆልፈህ ግፋ» አትበሉት። ያ ምክር ለደረት ጥሩ ነው፤ ተጋድሞ ሲገፋ ሰፊው አጥንት አግዳሚው ላይ ተጭኖ መቆየት አለበት። ከራስ በላይ ሲገፋ ግን አጥንቱ ከክንዱ ጋር መውጣት አለበት። ከታች ከቆለፍነው 60ውን ዲግሪ ከለከልነው ማለት ነው። ይህ ስህተት ከጥሩ አሠልጣኞች አንደበት ሳይቀር ስለሚሰማ ነው አጥብቄ የምናገረው።

እንግዲህ ወደ አሠራሩ። ዳምቤልን ከረጅሙ ብረት የምመርጥበት ምክንያት አለኝ። በረጅሙ ብረት ሁለቱ እጆች ታስረዋል፤ ብርቱው ለደካማው ይሸፍናል። በዳምቤል እያንዳንዱ እጅ የራሱን ድርሻ ብቻውን ይሸከማል። ደግሞም ብረቱ ፊታችሁን ዞሮ ማለፍ ስለሌለበት ክርናችሁ ለትከሻችሁ የሚመቸውን መንገድ ይይዛል።

ቁጭ ብሎ ነው ወይስ ቆሞ? ለጀማሪ ቁጭ ማለት ይሻለዋል። የአግዳሚውን መደገፊያ ቀጥ ካለው አንድ እርከን ብቻ ወደ ኋላ አድርጉት። ከዚያ በላይ ካስተኛችሁት የሙኒኩን ነገር በሕጋዊ መንገድ ደገማችሁት ማለት ነው፤ ሥራው ወደ ደረት ይሄዳል። ሁለት ወር ያህል ከሠራችሁ በኋላ ግን ኪሎ ቀንሳችሁ ቆማችሁ ሥሩ። ቆሞ የሚሠራ ሰው ሆዱንና መቀመጫውን ማጠንከር ግድ ይሆንበታል፤ ሻንጣ ወደ ላይ የምናቀብለውም ቆመን ነው።

ዳምቤሎቹን ወደ ትከሻ ማምጣት ራሱ ሥራ ነው። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ከወለል ላይ በክንዳችሁ ብቻ አትወርውሯቸው። ከተቀመጣችሁ ዳምቤሎቹን በጉልበታችሁ ላይ አቁሙ፤ አንዱን ጉልበት ከፍ አድርጋችሁ አንዱን ዳምቤል ወደ ትከሻችሁ ላኩ፤ ቀጥሎ ሌላውን። ስትጨርሱም በመጡበት መንገድ መልሷቸው፤ ከትከሻ ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ወለል። ከላይ መልቀቅ ለጎረቤታችሁ እግርም ለወለሉም አይበጅም።

አሁን መነሻው ላይ ናችሁ። ዳምቤሎቹ በአገጭና በጆሮ መካከል ባለው ከፍታ ላይ ናቸው። ክርኖቻችሁን እዩ፤ ይህ ቦታ ወሳኝ ነው። ክርን ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን አይከፈትም፤ ከትከሻ መስመር 30 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት ይምጣ። ሰፊው የትከሻ አጥንት ራሱ የሚያየው ወደዚያ አቅጣጫ ስለሆነ ክንዱም በዚያው ቢሄድ መገጣጠሚያው ይደላዋል። ከክርን እስከ አንጓ ያለው ክንድ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ዳምቤሉ ከክርኑ ትክክል በላይ ይሁን። የእጃችሁ አንጓ ወደ ኋላ ከታጠፈ ዳምቤሉ ከመስመሩ ወጥቷል። መዳፋችሁ የግድ ወደ ፊት ማየት የለበትም፤ ትንሽ ወደ ፊታችሁ የዞረ መዳፍ ለብዙ ሰው ትከሻ ይስማማዋል።

ከመግፋታችሁ በፊት አየር ሳቡ። ስታስሉ ሆዳችሁ እንደሚጠነክረው ያህል አጠንክሩት። የታችኛው ጎድናችሁ ወደ ፊት ተገፍቶ ከወጣ መልሳችሁ ሰብስቡት። ከቆማችሁ መቀመጫችሁን ጨምቁ። ጎድን ከዳሌ በላይ ተቀምጦ ሲቆይ ወገብ ሊለጠጥ አይችልም። ክብደቱን ትከሻ ያንሳው ማለቴ ይህንን ነው፤ ወገብ እንዳይሠራ በሩን አስቀድሞ መዝጋት።

ከዚያ ግፉ። ዳምቤሎቹ ወደ ላይና በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይሄዳሉ፤ ግን እርስ በርስ ማጋጨት አያስፈልግም። ከባዱን ቦታ ስታልፉ አየሩን አውጡ። ደም ግፊት ያለባችሁ ይህን በተለይ ስሙኝ፤ ትንፋሽ ይዞ መታገል ግፊቱን በእጅጉ ያሻቅበዋል፤ ስለዚህ ዳምቤሉን በገፋችሁ ቁጥር ተንፍሱ፣ ከመጀመራችሁም በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። ጫፍ ላይ ስትደርሱ ከጎን የሚያያችሁ ሰው ዳምቤሉን፣ ትከሻችሁንና ዳሌችሁን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ማየት አለበት። ዳምቤሉ ከፊታችሁ ከቀረ መንገዱ አላለቀም።

አወራረዱን አትዝለሉት። ሁለት ሦስት ሰከንድ ወስዳችሁ በራሳችሁ ቁጥጥር አውርዱ፤ ጡንቻ ሲወርድም ይሠራል። ወደ መነሻው ከፍታ እስክትመለሱ አውርዱ። ግማሽ መንገድ ላይ እየመለሱ መግፋት በብዛት የሚታየው ከባድ ዳምቤል በያዘ ሰው ላይ ነው፤ መፍትሔው ዳምቤሉን መቀየር ነው።

«እኔ ቀጥ ለማለት ብሞክርም ወገቤ ይለጠጣል» የምትሉ ትኖራላችሁ። ቤታችሁ ስትገቡ ይህን ፈትኑ። ጀርባችሁን፣ መቀመጫችሁንና ጭንቅላታችሁን ግድግዳ አስነኩ፤ ተረከዛችሁን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁ። ክርናችሁን ሳታጥፉ ሁለት እጃችሁን ከፊት በኩል ወደ ላይ አንሱ። እጆቻችሁ ግድግዳውን ከመንካታቸው በፊት ወገባችሁ ከግድግዳው ከራቀ፣ ሰውነታችሁ ለጊዜው ከባድ ነገር ከራስ በላይ ለመግፋት አልተዘጋጀም። ይህ ማለት አትሥሩ ማለት አይደለም። አንድ ጉልበት ተንበርክካችሁ፣ በተንበረከከው ጉልበት በኩል ባለው እጅ ቀላል ዳምቤል ግፉ፤ በዚያ አቋቋም ወገብ መለጠጥ ይከብደዋል። ጎን ለጎን የላይኛውን ጀርባ አፍታቱ። በትዕግሥት ይለወጣል።

ስለ ክብደት። የዳምቤል አረማመድ አታላይ ነው። ብዙ ጂም ውስጥ ከ5 ኪሎ ቀጥሎ ያለው 7.5 ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ለእያንዳንዱ እጅ 50 በመቶ ጭማሪ ነው! ለትናንሾቹ የትከሻ ጡንቻዎች ይህ ዝላይ ነው። ስለዚህ ኪሎ ከመጨመራችሁ በፊት ድግግሞሽ ጨምሩ። በ5 ኪሎ 3 ዙር፣ በእያንዳንዱ ዙር 8 ጊዜ ከጀመራችሁ ወደ 10፣ ወደ 12፣ ወደ 15 ውጡ። 15ቱን ወገባችሁ ሳይንቀሳቀስ ስትጨርሱ 7.5ን አንሱና ወደ 8 ተመለሱ። በየዙሩ መጨረሻ ሁለት ያህል ድግግሞሽ የሚሆን አቅም ይትረፋችሁ። በዙሮች መካከል ሁለት ደቂቃ ዕረፉ።

ጂም ለመክፈል አቅሙ የሌላችሁን አልረሳሁም። በየሰፈሩ በቀለም ቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልተው፣ በቧንቧ አያይዘው ብረት የሚሠሩ ወጣቶችን አከብራለሁ። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፤ መዝኑት። አንድ ሊትር የሚይዝ ቆርቆሮ በጠጠር ሲሚንቶ ሲሞላ ከ2 ኪሎ በላይ ነው፤ ሁለት ቆርቆሮ እኩል ቢመስልም አንዱ ከሌላው ሊከብድ ይችላል። ሁልጊዜ ቀኝ እጅ ብቻ የሚሸከመው ትርፍ ክብደት ትከሻን ያዛባል። ሰፈራችሁ ያለው ወፍጮ ቤት ሚዛን አለው፤ ባለቤቱ እሺ ይላችኋል። ክብደቱንም በቀለም ጻፉበት። ለጀማሪ ደግሞ ባለ 2 ሊትሩ ሃይላንድ ውሃ ሲሞላ 2 ኪሎ ነው፤ እናቶችና አባቶች ከዚያ መጀመር ትችላላችሁ።

እህቶቼ ትከሻዬ ይወፍራል ብላችሁ እንዳትሸሹ። ጡንቻ በዚያ ፍጥነት አይመጣም፤ ቢመጣም ለዓመታት በጥረት ነው። ከ30ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ግን ያለን ጡንቻ ካልሠራንበት ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ይህ ወንድና ሴት አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎቻቸውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል። ሾልደር ፕሬስ ከእነዚያ አንዱ ይሁን፤ ብቻውን ግን አይሁን። በገፋችሁ መጠን የሚጎትት የጀርባ ሥራም ሥሩ።

ሕመምን በተመለከተ ሁለት ነገር ለዩ። በዙሩ መጨረሻ ጡንቻው መሃል የሚሰማ ማቃጠል የሥራ ነው፤ ያልፋል። ከትከሻ ጫፍ ወይም ከፊት በኩል የሚወጋ፣ ወደ ክንድ የሚወርድ መደንዘዝ ያለው፣ ወይም ሌሊት በዚያ ጎን የማያስተኛ ሕመም ግን የሥራ አይደለም። ያኔ ዳምቤሉን አስቀምጡና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወይም ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ከዚህ በፊት ትከሻው ወልቆ በሐኪምም ሆነ በወጌሻ የተመለሰለት ሰው ደግሞ ሳይመረመር ይህን እንቅስቃሴ እንዳይጀምር አደራ እላለሁ፤ አንዴ የወለቀ ትከሻ፣ በተለይ በወጣትነት፣ እንደገና የመውለቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

አሠልጣኞች፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። መደርደሪያችሁ ላይ ከ5 በታች ያሉ ዳምቤሎች ይኑሩ፤ 2ም 3ም 4ም። በብዙ ጂም የሚጎድሉት እነሱ ናቸው፤ ጀማሪው ከአቅሙ በላይ የሚያነሳውም ሌላ ስላጣ ነው። ትናንሾቹም ጥግ ተጥለው ሳይሆን ከትልልቆቹ ጎን ይደርደሩ፤ ቀላሉን የሚያነሳ ሰው እንዳያፍር።

መድረኩ ላይ የተለያየ ኪሎ ያላቸው ዳምቤሎች ቀርበዋል። ከጥያቄዎቻችሁ በፊት ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ሰዎች ይውጡልኝ፤ አንዱ በየጊዜው የሚሠራ፣ ሌላው ከዚህ በፊት ጨርሶ ሠርቶ የማያውቅ። አዳራሹ በስተጎን ሆኖ ይያቸው።